ዘንባባ ሥር የማይበቅል

የዕፅዋት ሰብሳቢው በጋዜጣ የተጠቀለለውን የደረቀ ተክል ጠረጴዛዋ ላይ ጣል አደረገ። መግለጫው በላቲን ተጽፎ አብሮ ተያይዟል።

«ቶሎ በይ እቱ፤ ከሰዓት መኪና አለኝ።»

የምስጢር ስሟ እሾህ ነው። ሁለት ዓመት በዚህ የዕፅዋት ክምችት ቤት ጸሐፊ ሆና ተቀምጣለች። መግለጫውን አጽድታ ትተይባለች፤ ሽማግሌው ሊቅ ይፈርማሉ፤ ሰብሳቢው ይዞ ይሄዳል። አንዳንዱ መግለጫ ለገዳዮች የሚላክ መልእክት ነው፤ እሷ የተላከችው ያን እየለወጠች ለማክሸፍ ነው። ላቲን ማን ያነባል? ፈታሽ ሁሉ ቅጠል አይቶ ያልፋል።

ጠዋት አለቃዋ ደውሎ ነበር። እሱ ደግሞ አጎት ይባላል።

«የዛሬውን አትንኪው። እንዳለ ይለፍ።»

«ለምን?»

«ጥያቄ አታብዢ።»

አነበበችው። ቅጠሉ እንቁላል መሳይ፣ ጠርዙ እንደ መጋዝ። አበባው ነጭ። ፍሬው አልታየም። የሚበቅለው ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር ባለው ግቢ፣ ከደረጃው ሥር።

እጇ ቆመ።

ነገ ፍርድ ቤት የሚመሰክረው መሐንዲስ የተደበቀው እዚያ ነው። ይህን የሚያውቁት እሷና አጎት ብቻ ናቸው።

ሸጦታል።

አልተናደደችም። ቅጠሉንና አበባውን እንዳለ ተየበች። የሚበቅልበትን ግን ለወጠች፦ ከውኃ ጋኑ በታች፣ ቀይ በር ባለው ግቢ፣ ከሁለት ዘንባባ ሥር።

የአጎት ቤት።

የሊቁ ዓይን ስለደከመ በላቲኑ አነበበችላቸው።

«ይሄ ዘር ዘንባባ ሥር አይበቅልም፣ የኔ ልጅ።»

ሰብሳቢው ከወንበሩ ቀና አለ።

«ዘንድሮ በቅሏል፣ አባባ።»

ሽማግሌው ቅጠሉን በጣታቸው ዳሰሱት። «አርባ ዓመት ሙሉ አንድም ተክል ሳያማክረኝ ቤት ቀይሮ አያውቅም» ብለው ሳቁ።

ፈረሙ።

በማግስቱ መሐንዲሱ መሰከረ። አጎት በግቢው ውስጥ ሞቶ ተገኘ።

በሦስተኛው ቀን ሁለት ሰዎች የተፈረመበትን መግለጫ ይዘው ክምችት ቤቱ መጡ።

«ማነው የለወጠው?»

እሾህ ከመደርደሪያው ጀርባ ነበረች።

«እኔ ነኝ» አሉ ሽማግሌው።

ይዘዋቸው ሲሄዱም አልወጣችም።

አዲሱ አለቃ ሲደውል «የሽማግሌው ነገር ያሳዝናል» አላት።

«ቀጣዩ ሥራዬ የት ነው?»

በወሩ በሌላ ከተማ፣ በሌላ ስም ጫማ ትሸጥ ነበር። «ቁጥር ስንት ላምጣልዎት?» ትላለች። ፊቷን ልብ የሚል የለም። ጫማ የሚገዛ ሰው የሚያየው እግሩን ነው።