የየካቲት ኪዳነ ምሕረት ሰርገኞች

ወዳጄ፣ ገና ሳልጀምር እወቅልኝ፣ እኔ ዛር፣ ጭራቅ፣ የሙት መንፈስ ምናምን ሲባል ሳቄ የሚመጣ ሰው ነኝ። ሹፌር ነኝ፣ ከመሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን ሚኒባስ እነዳለሁ፣ በዚያ መንገድ በጉምም በዝናብም ስመላለስ ኖሬ ከጅብና ከትራፊክ ፖሊስ በቀር የሚያስፈራ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም፣ ተሳፋሪ ከኋላዬ "እዚህ ጋ እንዲህ ታየ፣ እዚያ ጋ እንዲህ ተሰማ" ማለት ሲጀምር ቴፑን ከፍ አደርጋለሁ። አሁን የምነግርህን ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ፣ እውነቴን ነው፣ ለእሱም ቴፑን ከፍ አደርግለት ነበር። ግን የደረሰው በኔ ነው፣ ያውም በገዛ ሰርጌ ቀን። ባለቤቴ የሺ አጠገቤ ቁጭ ብላ "ደርቤ፣ እንዳታጋንን" እያለችኝ ስለሆነ እንዳለ ነው የምነግርህ።

ነገሩ የሚጀምረው ከሽምግልናው ነው። የሺን ለማግባት ሽማግሌ ብልክ፣ ብልክ፣ አባቷ ጋሽ ሽፈራው "እስቲ እናስብበት" እያሉ ጥምቀትን አሳለፉ፣ አስተርዮንም አሳለፉ፣ በስንት ልመና እሺ ሲሉ ጠላው የሚደርሰው ለአንዲት እሑድ ብቻ ሆነ፣ እሷም የካቲት ኪዳነ ምሕረት የዋለችባት እሑድ ነበረች። በማግስቱ ሰኞ ሁዳዴ ይገባል፣ ሁዳዴ ከገባ ደግሞ እስከ ፋሲካ ሰርግ የሚባል ነገር የለም። እኛ "ጎሽ፣ ቅበላም ሰርግም በአንድ ቀን፣ ሥጋውን በዘፈን እንሰናበተዋለን" ብለን ደስ ሲለን፣ ጋሽ ሽፈራው "በዚያች ቀንስ ከዚህ ቤት ሙሽራ አይወጣም" አሉና ሽማግሌዎቹን ባዶ እጃቸውን ሰደዷቸው።

ይሉኝታዬን ዋጥ አድርጌ ራሴ ሄድኩ። ቤታቸው ከሳራማው የጓሳ ደጋ ወዲያ፣ ሞላሌ ሳይደረስ ነው። አስቀመጡኝ፣ ጠላ ቀዱልኝ፣ ከዚያ "ስማ ልጄ" አሉኝ፣ "በዚህ አገር የካቲት ኪዳነ ምሕረት ሰማዩ ደህና ሆኖ የዋለበትን ዘመን ንገረኝ ብትለኝ አላውቅም። በአያቴ ጊዜ በዚያች ቀን የጣለው በረዶ በጉን ከነበረቱ ቀበረው። በአባቴ ጊዜ በዚያችው ቀን የተነሣ ነፋስ የቤተ ክርስቲያኑን ክዳን ብድግ አድርጎ ገደል ማዶ ካለው ደብር ግቢ አስቀመጠው፣ እነዚህ 'ክዳናችንን መልሱ' ሲሉ፣ እነዚያ 'ራሱ ነው የመጣው፣ አንመልስም' ሲሉ ስንት ዘመን ተኳረፉ። እኔ ልጅ ሆኜ ደግሞ ፀሐይ ቦግ ብላ፣ አንድ ደመና ሳይኖር፣ መብረቅ ወርዶ የገብስ ክምራችንን አነደደው።"

"ጋሼ" አልኳቸው፣ "የካቲት ሠላሳ ቀን አለው፣ በረዶው ካላንደር ያነባል እንዴ?"

አልሳቁም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በአገጫቸው ወደ ጥጉ አመለከቱኝ፣ እዚያ የአባታቸው እኅት እማማ አስካለ ቁጭ ብለው የበግ ጠጉር ይፈትላሉ፣ እኔን ቀና ብለውም አላዩኝ። "አክስቴም ሰርጋቸው በዚያች ቀን ነበር" አሉኝ። "በዚያ በአያቴ ዘመን በረዶ። ሙሽራው ከነሚዜዎቹ በዘፈን ጓሳን ሲያቋርጥ ጉምና በረዶ ያዘው፣ በቅሎዎቹ ብቻቸውን ወደ አገራቸው ተመለሱ፣ ሰዎቹ ግን አልተገኙም። እሳቸው የሙሽራ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ደጅ ደጁን እያዩ አመሹ፣ አነጉ። ከዚያ ወዲህ ሌላ አላገቡም፣ ሰርግ ቤትም ረግጠው አያውቁም።"

ምን ልበል? ወጣትነትና ፍቅር ሰውን ደረቅ ያደርገዋል፣ አሁንም "እኔ በበቅሎ ሳይሆን በመኪና ነው የምመጣው" ብዬ ሙጭጭ አልኩ። ጋሽ ሽፈራው ትክ ብለው አዩኝና "እንግዲያው ይሁን" አሉ፣ "ግን ጀንበር ሳትጠልቅ ከደጄ ካልቆምክ ድግሱን ለሕዝቡ አብልቼ ልጄን እቤቴ አስቀራታለሁ። በዚህ ቤት ሁለተኛ ሙሽሪት ስትጠብቅ አታመሽም። ይህን በኪዳነ ምሕረት ስም ምያለሁ።" እኔም እጅ ነሥቼ ወጣሁ፣ ከመሐል ሜዳ እዚያ ድረስ ለኔ ምን አላት ብዬ።

የሰርጉ ቀን ጧት ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ ነጠላ ነው፣ ስልኬን ብከፍተው ጠራራ ፀሐይ ስሎ ያሳየኛል፣ ለሚዜዎቼ ሁሉ እየዞርኩ አሳየኋቸው። ምሳ በልተን፣ የራሴን ሚኒባስ በአበባና በሪባን አሳምረን፣ አራቱ ሚዜዎቼና ዘመዶቼ ታጭቀንበት ወጣን። ሙሽራ አይነዳም ተብሎ መሪውን የያዘው አንደኛ ሚዜዬ ጋሻው ነበር። ከበሮው ይመታል፣ አክስቶቼ ያቀልጡታል፣ እኔ በሱፌ ውስጥ ላብ በላብ ሆኛለሁ፣ ደስታ ነው ሙቀት ነው አልለየሁትም።

ጓሳ ስንደርስ መጀመሪያ የመጣው ጉሙ ነው፣ ከገደሉ አፋፍ እየተንከባለለ ወጥቶ ሳሩን ዋጠው፣ ከዚያ መንገዱን ዋጠው። ቀጥሎ ጣራችን ላይ አንድ ጠብ አለ፣ ደግሞ ጠብ አለ፣ ከዚያማ፣ እመነኝ፣ ሰማይ ያለውን ባቄላ ሁሉ ቆርቆሮ ላይ የገለበጠ ነው የሚመስለው፣ ከበሮውም አይሰማ፣ አክስቶቼም አይሰሙ። ጋሻው ፍሬን ሲይዝ መኪናው ወደ ጎን ተንሸራተተና ጎማው ከቦዩ አፍ ላይ ቆመ፣ ልጁ ፊቱ አመድ መሰለ፣ "አንተ ና፣ እኔ አልችለውም" አለኝ። ሱፌን ለብሼ፣ አበባዬን ደረቴ ላይ ሰክቼ መሪ ያዝኩ።

በረዶው ሲያባራ መሬቱ ነጭ፣ ጉሙ ነጭ፣ መንገዱ የቱ ነው ብትለኝ አላውቀውም፣ እኔ በየቀኑ የምመላለስበት ሰውዬ። ጎማው ባለበት ይሽከረከራል። ፀሐይዋ የት እንዳለች አይታይም፣ ስልኩ ኔትወርክ የለውም፣ የሺ አሁን ደጅ ደጁን እያየች ነው፣ አባቷ ደግሞ የማሉ ሰው ናቸው። ወዳጄ፣ አልደብቅህም፣ ግንባሬን መሪው ላይ ደፍቼ አለቀስኩ፣ "ልጅቷን በገዛ ምላሴ አጣኋት" አልኩ።

ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። መጀመሪያ ቃጭል፣ የበቅሎ አንገት ላይ የሚታሰረው ዓይነት፣ ቅልል ያለ። ቀጥሎ ጭብጨባ። ቀጥሎ የወንዶች ዘፈን፣ ዜማው የሰርግ ነው፣ ግን እንዲህ ሲዘፈን ሰምቼ አላውቅም፣ ቀስ ያለ፣ ወፈር ያለ። ጋሻውን አየሁት፣ ጋሻው እኔን አየኝ። "ቴፑ ነው?" አለኝ። ቴፑ ጠፍቷል።

የፊት መብራቱን ባበራው፣ ከፊታችን ሰዎች ይሄዳሉ፣ ጀርባቸውን ሰጥተውናል፣ ሁሉም ባና ተከናንበዋል፣ ያን ከበግ ጠጉር የሚሠራውን ወፍራሙን የመንዝ ባና፣ እያጨበጨቡ፣ ትከሻቸውን እያወዛወዙ። ደስ አለኝ! ጋሽ ሽፈራው መንገድ መሪ የላኩልኝ መሰለኝ። ክላክስ አደረግሁና መስኮቱን ዝቅ አድርጌ "የማን ወገን ናችሁ?" ብዬ ጮህኩ።

"የሙሽራው!" አሉ ባንድ ድምፅ።

"ሙሽራውማ እኔ ነኝ እኮ!" አልኳቸው።

ሳቁ። እንዴት ያለ ሳቅ መሰለህ፣ ሰው ከልቡ ሲደሰት የሚስቀው፣ እኛንም መኪና ውስጥ ያለነውን ሁሉ አሳቀን፣ ምን እንዳሳቀን ሳናውቅ። የመጨረሻው ዞር አለ፣ ጢሙ ገና ያቀመቀመ ልጅ እግር ነው፣ ጸጉሩ ላይ የበረዶ ፍሬ ተሰግስጎበታል፣ ግን አይበርደውም፣ "አይዞህ ሙሽራ፣ ዛሬስ እንደርሳለን!" አለኝ። አሁን ሳስበው "ዛሬስ" የምትለዋ ቃል ናት የምትከነክነኝ፣ ያን ጊዜ ግን ልብ አላልኳትም። ልብ ያልኩት መሬቱን ነው፣ እነሱ የረገጡበት ቦታ ሁሉ በረዶው ቀልጦ ጥቁሩ መንገድ ይታያል፣ ጎማዬም እሱን ይዞ ሄደ። ብፈጥን አልደርስባቸውም፣ ብዘገይ አይርቁኝም። ጉሙ ሲገለጥ የሉም፣ የሚታየው የጋሽ ሽፈራው ግቢ ነው፣ ፀሐይዋም ከተራራው በላይ ትንሽ ቀርታለች።

እልልታችንን አቅልጠን በሩ ላይ ብንደርስ፣ በር ይዘው በዘፈን ሊያንገላቱን የሚገባቸው የሙሽሪት ጓደኞች አፋቸውን ከፍተው ያዩናል። "ገብታችኋል እኮ!" አለች አንዷ፣ "ስንት ጊዜ ነው የምትገቡት?" ይህን ስትል አማቴ፣ የየሺ እናት፣ ከውስጥ እንደ ነብር ወጡ፣ እንኳን ደህና መጣህ የለ፣ ምን የለ፣ ጣታቸውን ዓይኔ ላይ ቀሰሩት። "አንተ ልጅ! ሚዜ ስትመርጥ አሳዳጊ የበደለውን ነው እንዴ የምትመርጠው?"

"ምን አደረጉ እማማ?"

"ሽፈራው 'ጀንበሯ ልትጠልቅ ነው' ብሎ ሕዝቡን ሊያሰናብት ሲነሣ ሰዎችህ መጡ፣ እሰየው። 'ሙሽራው ከኋላችን ነው፣ አትበተኑ' አሉ፣ እሰየው። ግን ያ ባና የለበሰው፣ ጢም እንኳ በቅጡ ያልወጣለት፣ ቀጥ ብሎ ሄዶ እማማ አስካለ እግር ሥር በርከክ አለና ምን ቢል ጥሩ ነው? 'ቆየሁብሽ አይደል?' ቆየሁብሽ! የዘጠና ዓመት አሮጊት አንቺ ይባላል? እኛ ወልደን ከብደን እንኳ እርስዎ እያልን!"

"እሳቸውስ ምን አሉት?"

አማቴ ቁጣቸው ድንገት በረደ፣ ነገሩ ገና ያን ጊዜ የገባቸው ይመስለኛል። "'አንተ መቼ ቀጠሮ ታውቃለህ' አሉት" አሉኝ በለሆሳስ፣ "እና በእጃቸው አጎረሱት።"

ጋሽ ሽፈራው ከኋላቸው ቆመው ሚዜዎቼን አንድ በአንድ ያያሉ፣ ባና የለበሰ የለም፣ አራቱም ሱፍና ከረባት ናቸው፣ ጋሻው ጭራሽ መነጽር አድርጓል። አማተቡ፣ ከዚያ ክንዴን ያዙና "ግባ ልጄ፣ ደርሰሃል" አሉኝ። የሺን ሳያት እንዴት እንደሆንኩ አልነግርህም፣ እሷ ፊት አይነገርም፣ ብቻ ሁለታችንም እያለቀስን እንስቅ ነበር።

ያን ቀን የተበላው፣ የተጠጣው፣ የተጨፈረው! እማማ አስካለ ከጥጋቸው ተነሥተው መሐል ገቡ፣ እልል አሉ፣ ድምፃቸው የልጃገረድ ነው፣ ጋሽ ሽፈራው በዕድሜያቸው ሙሉ ከአክስታቸው አፍ እልልታ ሰምተው እንደማያውቁ ነገሩኝ። እኔ ግን ሹፌር ነኝ፣ ተሳፋሪ መቁጠር ልማዴ ነው፣ "የታሉ ሰዎቹ?" ብዬ ጠየቅኩ። ሲገቡ ቤት ሙሉ ሰው አይቷቸዋል፣ ሲወጡ ግን ያየ የለም። ቤቱ አንድ በር ነው ያለው፣ በሩ ላይ ደግሞ ልጃገረዶቹ ነበሩ። እማማ አስካለ አጠገብ ያለውን ጉዝጓዝ ብነካው ርጥብ ነው፣ ሳሩ መሐል የበረዶ ፍሬ ገና አልሟሟም። እሳቸውን ብጠይቃቸው ከት ብለው ስቀው "ሰርግህን ብላ" አሉኝ።

ኋላ ላይ ለነገሩ ምክንያት ላግኝለት ብዬ ብዙ ደከምኩ። መንገድ የጠፋባቸው የሌላ ሰርግ ሰዎች ይሆናሉ አልኩ፣ ሞላሌ ገበያ ወርጄ ጠየቅኩ፣ በዚያ በረዶ በጓሳ ያለፈ ሰርገኛ የለም። ጋሻው "ዝም በል፣ ሚስትህን አግኝተሃል" ይለኛል፣ እውነቱን ነው። ይኸው እስከ ዘንድሮ ዝም ብዬ ነበር።

ዘንድሮ ኪዳነ ምሕረት ሁዳዴ ውስጥ ነው የዋለችው። ከየሺ ጋር ቤተሰቦቿን ልንጠይቅ ሄድን፣ ሰማዩ ኮሽ ሳይል ዋለ፣ ማታ የጾም ሽሯችንን ከበን ቁጭ ብለናል። ከጓዳው በኩል ጭብጨባ ተሰማ። ቀስ ያለ፣ ወፈር ያለ። በሁዳዴ፣ ወዳጄ፣ ማን ይጨፍራል? ጋሽ ሽፈራው እጃቸው ውስጥ ያለውን እንጀራ እንደያዙ ቀሩ፣ የሺ ጉልበቴን ጨመቀችው፣ እኔ ልነሣና መጋረጃውን ልገልጥ ብድግ ስል እማማ አስካለ እጄን ያዙኝ።

"ተዋቸው" አሉኝ፣ ፊታቸው ፈክቶ፣ "እነሱ ሁዳዴው መግባቱን የት ያውቁታል፣ ገና ቅበላ ላይ ናቸው።"

ተመልሼ ቁጭ አልኩ። መጋረጃው አልተገለጠም፣ እስካሁንም ከኋላው ምን እንደነበረ አላውቅም። ፈርቼ ነበር፣ ጸጉሬ ቆሞ ነበር፣ ትከሻዬ ግን፣ የሺን ጠይቃት፣ ሳላዘው ይወዛወዝ ነበር።