ጀርባ የማይሰጥበት ክፍል

አስቀድሜ አንድ ነገር ላስረዳችሁ፣ እኔ ጋኔን አየሁ፣ ዛር አነጋገረኝ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ «ትናንት ምን ጠጥተህ ነበር?» ብዬ የምጠይቅ ነኝ፣ ላሊበላ ተወልጄ ያደግሁ፣ ሰው ሁሉ ቤቱ በሚገባበት በቀትር ብቻዬን ወንዝ የምወርድ። ስለዚህ የፈሪ ወሬ ነው እንዳትሉኝ።

በደርግ ጊዜ ከከተማው ወጣ ብሎ ጉብታ ላይ ያለ የማረፊያ ቤት ጠባቂ ነበርኩ። ቤቱ ንጉሡ ለገና ሲመጡ እንዲያርፉበት የተሠራ ነው፣ ስንት ድንጋይ ጠራቢ የደከመበት፣ እሳቸው ግን ያደሩበት አንድ ገና ብቻ ነው አሉ። ከዚያ ዘመኑ ተገለበጠ፣ የንጉሡ ሥዕል ወረደ፣ በዚያው ሚስማር የሊቀመንበሩ ፎቶ ተሰቀለ፣ ቤቱም «የሊቀመንበሩ ማረፊያ» ተባለ፣ ሊቀመንበሩም አልመጡም። እኔ ማንም የማይተኛበትን አልጋ እያነጠፍኩ ደመወዜን እበላለሁ፣ ምን ቸገረኝ!

ከቤቱ ጋር የተረከብኳቸው አያ ደምሌ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፣ የንጉሡ እጅ አስታጣቢ የነበሩ። ሚስት የላቸው፣ ልጅ የላቸው፣ የሚያድሩት ወጥ ቤቱ ጥግ መደብ ላይ ነው። ሁልጊዜ ቀትር ላይ ውኃ ለብ አድርገው፣ ፎጣ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ማስታጠቢያውን ይዘው ባዶው መኝታ ክፍል ይገባሉ፣ ጥቂት ቆይተው ፎጣውን እዚያው ትተው፣ እጅ እየነሱ የኋሊት ይወጣሉ፣ ለንጉሥ ጀርባ አይሰጥማ! እኔ በሳቅ እሞታለሁ።

«አያ፣ ማንን ነው የሚያስታጥቡት?» ስላቸው፣
«አንተስ አልጋውን ለማን ነው የምታነጥፈው?» ይሉኛል።

አንድ ክረምት ጓድ ተስፋዬ የሚባል ካድሬ ሊቀመንበሩ ሊመጡ ይችላሉና ቤቱን ላጣራ ብሎ መጣ፣ መኪናው ከጋሸና ወዲህ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ በበሬ ተጎትቶ ነው የደረሰው፣ ንዴቱን አስቡት። መኝታ ክፍሉ በር ላይ ሲደርስ ምን ቢያጋጥመው ጥሩ ነው? የአያ ደምሌ ጀርባ! የኋሊት መጥተው ደረቱ ላይ ተለጠፉበት።

«ምን እያደረግህ ነው?» አላቸው።
«ጃንሆይን አስታጥቤ መውጣቴ ነው፣ ጌታዬ።»

እኔን ላብ አጠመቀኝ። «የፊውዳል ርዝራዥ!» ብሎ ጮኸ፣ «ዛሬውኑ ከዚህ ግቢ ውጣ! አንተም ጠባቂው ትጠየቅበታለህ!» አያ ደምሌ አንድ ነጠላቸውንና አንድ ዳዊታቸውን መቋጠር ጀመሩ። ወዴት ሊሄዱ ነው ብላቸው «ይምርሐነ ክርስቶስ፣ ከደጀ ሰላሙ እጠጋለሁ» አሉኝ፣ በዚያ ዝናብ፣ በዚያ ጉልበት!

ካድሬው ደግሞ ደክሞት ስለነበር «አልጋውን ልሞክረው» ብሎ ባርኔጣውን እንኳ ሳያወልቅ ገብቶ ዘጋው፣ ወዲያውም ማንኮራፋት ጀመረ። እሱ እያንኮራፋ ግን ሌላ ሳል ሰማሁ፣ ቀጭን የሽማግሌ ሳል። ከዚያ ማንኮራፋቱ ቆመ፣ ውኃ ሲንቆረቆር ተሰማኝ። ወደ ወጥ ቤት ዞር ብዬ አየሁ፣ ማንቆርቆሪያውም ማስታጠቢያውም አያ ደምሌ እግር ሥር ተቀምጠዋል።

በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተ። መጀመሪያ የወጣው የጓድ ተስፋዬ ጀርባ ነው፣ ባዶ ራሱን፣ እጅጌው እስከ ክርኑ ተጠቅልሎ፣ ፎጣው ትከሻው ላይ። ጎንበስ፣ አንድ እርምጃ፣ ደግሞ ጎንበስ። እስቃለሁ ብል አፌ እንቢ አለኝ።

«ሽማግሌውን እንዳታስወጧቸው» አለኝ በቀስታ፣ «እኚህ ከሄዱ እሳቸውን ማን ያስታጥባቸዋል?»
«ማንን፣ ጓድ?»

በዚያ ጭቃ መኪናውን አስነስቶ ሄደ። ባርኔጣውን ረስቶ ነበርና ልወስድለት ሮጬ ገባሁ። ክፍሉ ውስጥ ማንም የለም፣ አልጋው እንዳነጠፍኩት ነው፣ ሰው የተኛበት አይመስልም፣ ባርኔጣው ወንበር ላይ በወግ ተቀምጧል። አንስቼ ልወጣ ስል ከኋላዬ ሁለት እጆች ትከሻዬን ያዙኝ፣ ነፍሴ ልትወጣ!

«ቀስ ልጄ፣ ደፉ ያደናቅፋል» አሉኝ አያ ደምሌ፣ «መጀመሪያ ሁላችንም ወድቀናል።»

ለካ የኋሊት ነበር የምራመደው።

ባርኔጣውን ማንም መጥቶ አልጠየቀም። አያ ደምሌ እዚያው መደባቸው ላይ እያሉ አረፉ፣ ነፍሳቸውን ይማር። ከሳቸው በኋላ ውኃውን ማን ያሞቅ ነበር ብላችሁ አትጠይቁኝ፣ እኔ እንዲህ ያለ ነገር አላምንም ብያችኋለሁ። አሁን ቤቱ ተዘግቷል አሉ፣ እኔም ጉብታውን የምወጣበት ጉልበት የለኝም። ክረምት በገባ ቁጥር ግን ሐሳብ ይገባኛል፣ የላስታ ውኃ እንዴት እንደሚበርድ ታውቃላችሁ፣ ጃንሆይ ደግሞ ሽማግሌ ናቸው።