የቀዝቃዛው ክፍል ጠርሙሶች

ሰኞ ጠዋት የባዮኬሚስትሪ ትምህርት ክፍሉ ሽልማት ሊያከብር ኬክ አዝዞ ሲጠብቅ፣ ከኬኩ በፊት ሬሳ ተገኘ።

ጉንቮር ናሙና በሚቀመጥበት ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ፣ ጀርባዋን ለመደርደሪያው ሰጥታ እንደተቀመጠች ቀርታለች። ሠላሳ አንድ ዓመት በላቦራቶሪው የሠራች ቴክኒሺያን ነበረች። ያገኘቻት ቱቫ የምትባል የዶክትሬት ተማሪ ናት። ጩኸቷን ሰምቶ መጀመሪያ የደረሰው ኡርባን ነው፤ የትምህርት ክፍሉን ዜናና ስኬት ድረ ገጹ ላይ የሚጽፈው ሠራተኛ።

ኡርባን ሬሳውን ሲያይ ከማዘኑ በፊት አፈረ። አርብ ዕለት «ፕሮፌሰር ሲክስተን ታላቁን ሽልማት አገኘ» ብሎ ዜና አውጥቶ ነበር። ያሸለመው ግኝት የጉንቮር የእጅ ሥራ መሆኑን ቤቱ ሁሉ ያውቃል፤ ስሟም ረቂቁ ላይ ሰፍሮ ነበር። ሲክስተን «ዜናው ረዝሟል፣ አሳጥረው» ሲለው ግን፣ ኡርባን ከዚያ ሁሉ ቃል መርጦ የሰረዘው የእሷን ስም ነው። ወይ ጉድ! እሷም አንብባ ምንም አላለችውም።

ከሰዓት በኋላ መርማሪ ቦዲል መጣች። የሱፍ ኮፍያዋን ቤት ውስጥም የማታወልቅ፣ ጥያቄዋን ቀስ ብላ የምታወጣ ሴት ናት።

«ሐኪሙ ቁስል የለም፣ መርዝ የለም ይላል» አለችው። «ክፍሉ ከቤት ፍሪጅ የባሰ አይበርድም። በሩ ከውስጥ ገፋ ሲያደርጉት ይከፈታል። ሴትዮዋ ደግሞ በክረምት የሐይቁን በረዶ አስበስታ የምትዋኝ ነበረች አሉኝ። ታዲያ ምን ይዟት ሳትወጣ ቀረች?»

«እንጃ።»

«እሑድ እዚህ ምን ትሠራለች?»

«ሁሌም እሑድ ትመጣለች፣ ናሙናዎቿን ለማየት።»

«አርብ ከማን ጋር ተጣላች?»

ኡርባን አቀረቀረ። «ከቱቫ ጋር። ጉንቮር ናሙናዬን አበላሸሽብኝ ብላ ጮኸችባት።»

ይህን ሲክስተንም አስቀድሞ ለፖሊስ ነግሯል፤ ያውም ደጋግሞ። በቀዝቃዛው ክፍል በር ላይ በሚፈረምበት መዝገብ የአርብ የመጨረሻው ስም የቱቫ ነው። ልጅቷ የአምስት ዓመት የዶክትሬት ጥናቷን በፈታኞች ፊት ልታቀርብ ሦስት ሳምንት ቀርቷታል፤ ዩኒቨርሲቲው ደግሞ ምርመራው እስኪያልቅ ብሎ ቀኑን ሊሰርዝባት ነው።

«ድግሱን ያዘዝከው አንተ ነህ አሉኝ» አለችው ቦዲል። «ምን ምን አዘዝክ?»

«ኬክ። አበባ።» የቀረውን ዋጠው። ጠዋት ሲክስተን ክንዱን ይዞ «ጠረጴዛው ላይ እንዲጨስ ያዘዝነውን ደረቅ በረዶ ጥዬዋለሁ። ለማንም አታንሣው፤ ሰው ሞቶ ስለ ድግስ ማውራት ነውር ነው» ብሎታል። በሐፍረት ላይ ሌላ ሐፍረት ማን ይጨምራል? ዝም አይነቅዝም ብሎ ዝም አለ።

ቦዲል ቱቫን አስከትላ ቀዝቃዛው ክፍል ገባች። ኡርባን ቁልፍ ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

«እነዚህ ጠርሙሶች ምንድን ናቸው?»

«ሴሎች የምናሳድግበት ፈሳሽ ምግብ። ቀይ ናቸው» አለች ቱቫ፤ ከዚያ ጠጋ ብላ አየች። «አርብ ስወጣ ሁሉም ቀይ ነበሩ!»

«አሁን ሦስቱ ቢጫ ናቸው። ክዳናቸው የላላው ሦስቱ ብቻ። ምን ቢጫ ያደርጋቸዋል?»

ቱቫ ዞራ ቦዲልን አየቻት። «አየሩ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲበዛ።»

ረቡዕ በቡና እረፍት ሰዓት ቦዲል ሁሉንም የእረፍት ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበች።

«ጉንቮርን የገደላት አየር ማጣት ነው» አለች። «ቀዝቃዛው ክፍል አየር አይቀይርም፤ ያንኑ መልሶ ያዞረዋል። ደረቅ በረዶ ደግሞ የጠጠረ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ እዚያ ካስቀመጡት ቀስ በቀስ ጋዝ ሆኖ ክፍሉን ይሞላዋል። ክዳናቸው የላላ ጠርሙሶች ጋዙን ጠጡና ቢጫ ሆኑ። እሑድ ጉንቮር ስትገባ ጥቂት እንኳ ሳትቆይ ራሷን ስታለች።»

«ደረቅ በረዶ እዚያ እንደማይገባማ በመጀመሪያው ቀን የምንማረው ነው!» አለች ቱቫ።

«እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ በእጁ የሚሠራ ሰው ይህን አይሳሳትም። ደግሞ አንቺ ሰኞ ስትገቢ ራስሽን እንኳ አላዞረሽም። ማን ቀድሞሽ ገብቶ በረዶውን አወጣ? ክፍሉንስ ማን አናፈሰው? ከአንቺ አንድ ሰዓት ቀድሞ በዋናው በር የገባ ካርድ አንድ ብቻ ነው።» ሲክስተንን አየችው። «ከዚህ ቤት መጋዘን የጎደለ በረዶ የለም። ከውጭ ያዘዘው ማን ነው?»

ቱቫ እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ ወለሉን ታያለች። ኡርባን ያችን እጅ አየና ስኒውን አስቀመጠ።

«እኔ ነኝ» አለ። «አርብ ማታ የበረዶውን ሳጥን ለሲክስተን አስረከብኩት።»

ሲክስተን ፊቱ አመድ መሰለ። «እስከ ሰኞ እንዳይቀልጥ ብዬ ነው... ላቦራቶሪ ከገባሁ እኮ ሃያ ዓመት አልፎኛል። እንዲህ ያለውን ስህተት እኔ ሠራሁ ብዬ እንዴት ልናገር? ዓለም ምን ይለኛል?»

«ስህተቱስ ስህተት ነው» አለችው ቦዲል። «ሳጥኑን ስታወጣ ግን እግሯን ተሻግረሃል። ከዚያ በሩን ዘግተህ ይህች ልጅ እስክታገኛት ጠበቅክ።»

ሲክስተንን ይዘውት ሲወጡ ቱቫ ወደ ኡርባን ዞረች። «ሁለት ቀን ሙሉ አጠገቤ ቁጭ ብለህ ቡና ስትጠጣ ይህን ታውቅ ነበር?»

«በረዶ ሰው እንደሚገድል አላውቅም ነበር። እውነቴን ነው።»

«ሲጠረጥሩኝስ? እሱንም አታውቅም ነበር?»

መልሱን ሳትጠብቅ ካፖርቷን አንሥታ ወጣች።

በማግሥቱ የጉንቮር እህት ባርብሮ መጣች፤ የለቅሶ ጥቁር የለበሰች አሮጊት። ኡርባን ለቱቫ ያልመለሰውን ለእሷ ሊነግር ተነሣ። እሷ ግን ቀድማ ከቦርሳዋ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። ስሟ ሳይሰረዝ፣ ሐሙስ ዕለት የታተመው የዜናው ረቂቅ ነበር።

«በፖስታ ላከችልኝ» አለች። «ስሜን ጻፉልኝ፣ እዪው ብላ። በሠላሳ አንድ ዓመት የመጀመሪያዋ ነው። የጻፍክላት አንተ ነህ አሉኝ። ላመሰግንህ ነው የመጣሁት።»

እጁን በሁለት እጇ ያዘችው። ሊያስለቅቅ አልቻለም።

«የሰረዝኩትም እኔ ነኝ» አለ።

ባርብሮ መጀመሪያ የሰማችው አልመሰለም። ኋላ እጁን ለቀቀችውና ወረቀቱን አጣጥፋ መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።