ለወንድ ያልተከፈተው ኮሌጅ

በርናዲን ኩቼራ ሌላንድን ያወቀችው በመስከረም፣ የኮሌጁ የፖም ዛፎች ቅርንጫፋቸው እስኪጎብጥ ባፈሩበት ሰሞን ነበር። ከቬትናም ጦርነት ከተመለሰ ወዲህ አባቱን በእርሻ የሚያግዝ ወጣት ነው። ኮሌጁን ለሚመሩት መነኮሳት ፖም ሊጭን የጭነት መኪናውን ይዞ ሲመጣ፣ እሷ መጽሐፍ ገልጣ ዛፍ ሥር ተቀምጣለች።

«ምንድን ነው የምታነቢው?»

«ፍልስፍና። አይገባህም።»

«አንቺስ ገብቶሻል?»

ሳቋ አመለጣት። ከጠዋት ጀምሮ አንዲት ገጽ ላይ ተተክላ ነበር።

ቅድስት ሉድሚላ በአሜሪካ፣ በኔብራስካ ግዛት ሜዳ መሀል የቆመች ትንሽ የካቶሊክ ሴቶች ኮሌጅ ነበረች። ከአውሮፓ፣ ከቦሄሚያ የመጡ መነኮሳት በአንድ የእህል መጋዘን ውስጥ ጀመሯት። ላም እያለቡ፣ ቅቤ እየሸጡ፣ የገበሬ ሴት ልጆችን ላቲንና ሙዚቃ አስተማሩባት። አውሎ ነፋስ ጣሪያዋን ይዞት ሲሄድ መልሰው ሠሯት። የበርናዲን አያትም እናትም የተማሩት እዚያው ነው፤ አሁን ተራው የእሷ ነበር።

ከዚያች ቀን በኋላ ሌላንድ ቅዳሜ ቅዳሜ ምክንያት አያጣም። አንዴ ድንች፣ አንዴ ማገዶ ይዞ ይመጣል። እሷ መጽሐፍ ታውሰዋለች፤ እሱ በጥያቄ ተሞልቶ ይመልሰዋል። ስለ ጦርነቱ አያወራም። አንዳንዴ ትክ ብሎ ያያታል፤ እሷም ቀና ማለት ያቅታታል።

በሁለተኛው ዓመት የተማሪው ቁጥር እየሳሳ ሄደ። የኮሌጁ ኃላፊ ሲስተር ኮርዱላ ወንዶችን ለመቀበል እንደታሰበ ሲናገሩ፣ ልጆቹ ቁጣቸው ገነፈለ። የተማሪዎቹ መሪ በርናዲን ነበረችና በአዳራሹ፣ የከተማው ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ተነስታ ተናገረች።

«ወንዶች የሚማሩበት ሞልቷል! እዚህ የሚመጡት ሌላው ኮሌጅ የማይፈልጋቸው ናቸው። እናቶቻችን ያቆዩልንን ቤት ከበረት ለመጣ ሁሉ አንሰጥም!»

ጭብጨባው አዳራሹን አናጋው። እሷም ደስ ብሏት ቀና ስትል፣ የኋላው ወንበር ላይ ሌላንድን አየችው። ሸሚዙ ተተኩሷል፣ ከረባት አስሯል። ጭብጨባው ሳያልቅ ተነስቶ ወጣ።

መኪናው ዘንድ ሮጣ ደረሰችበት።

«አንተን ማለቴ አልነበረም!»

«እኔን ነው ያልሽው። እዚህ ለመማር ያመለከትኩት እኔ ነኝ።»

«ለምን አልነገርከኝም ታዲያ?»

«ድንገት ሰምተሽ ደስ እንዲልሽ ብዬ» አለና ሞተሩን አስነሳ። በሳምንቱ ወደ ዋዮሚንግ ግዛት፣ የባቡር ሐዲድ ሥራ ሄደ ተባለ።

የኮሌጁ ቦርድ በልጆቹ ተቃውሞ ሐሳቡን ተወው። በርናዲን አሸነፈች። ተመርቃ በአቅራቢያው ከተማ አስተማሪ ሆነች። ቅድስት ሉድሚላ ግን በየዓመቱ እየመነመነች ሄዳ በመጨረሻ ልትዘጋ ነው ተባለ። በርናዲን ዜናውን ስትሰማ ጥፋቱን በራሷ ላይ አደረገች። ንስሐ ገባች፤ ቄሱ አጽናኗት፤ አልቀለላትም።

በመጨረሻው ቀን ሄዳ ሲስተር ኮርዱላን ባዶው ኮሪደር ላይ አገኘቻቸው።

«የዘጋሁት እኔ ነኝ፣ ሲስተር።»

«ራስሽን አታግዝፊ፣ ልጄ» አሏት። «ኮሌጅ በአንዲት ልጅ አፍ አይዘጋም። ያንን ልጅ ግን አቁስለሽዋል። አባቱ ሞተውበት ተመልሷል። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ዕቃ እየጫነልን ነው፤ ሂጂ።»

ሌላንድ በመጻሕፍት ካርቶን መሀል ቆሟል። ሲያያት ሥራውን አላቆመም።

«ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁ።»

አንዱን ካርቶን በገመድ አሰረ።

«ያን ቀን የተናገርኩት…»

«ጥይት ስቶኝ ነው አገሬ የገባሁት፣ በርናዲን። የመታኝ ያንቺ አፍ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቂም። አባቴ ‹ልጄ ኮሌጅ ሊገባ ነው› ብሎ፣ ከረባቱን በእጁ ነው ያሰረልኝ። በር ላይ ሆኖ እስክመለስ ጠበቀኝ። ምን እንደተባልኩ ሳልነግረው ሞተ።»

አለቀሰች። አታልቅሺ አላላትም። ብዙ ቆይቶ አንድ ረጅም ጠረጴዛ በአንድ ወገን አነሳና፦

«ከባድ ነው፤ በዚያ በኩል ያዢልኝ» አላት።

በደረጃው ላይ እያረፉ አብረው አወረዱት። ቀኑን ሙሉ አብረው ጫኑ።

በበጋው እየተመላለሰች በአጨዳ አገዘችው። አንድ ቀን እሱ ሳያስበው እጇን ያዘ፤ አልለቀቀውም።

«ይቅር አልከኝ?» አለችው።

«ገና ነው» አለ፣ ዓይኑን ከዓይኗ ሳይነቅል። «እስኪወጣልኝ አብረሽኝ ጠብቂ። ታገቢኛለሽ?»

ተጋቡ። በርናዲን ዳግመኛ አልጠየቀችውም። ጥፋቷን በሆዷ ይዛ ጎጆዋን አቀናች፤ ሲስቅ ትሰማዋለች፣ ሲያዝን ምክንያቱ እኔ ነኝ ትላለች።

አንድ የክረምት ጠዋት ጥጆቹን ወተት እያጠጡ ሳለ ሌላንድ ባልዲውን አስቀመጠ።

«ወጣልኝ» አላት።

«ምኑ?»

«ያ የአዳራሹ ቂም። መቼ እንደሆነ እንጃ፤ ዛሬ ብፈልገው አጣሁት።»

በርናዲን በረዶው ላይ ቁጭ አለች፤ ጥጃው እጇን ሲልሳት እንኳ አልተሰማትም።