ዝም ያለው ሬዲዮ

የኬልቪን ደርንፎርድ አስከሬን በሸራ ተጠቅልሎ ከዓሣ ማራገፊያው ላይ ሲጋደም፣ የስኪፍ ቤይ ሰው ፈርዶ ጨርሶ ነበር። መርማሪ ቨርና ፓርዲ ከጀልባ ወርዳ ቦት ጫማዋ ሳይደርቅ የገዳዩን ስም ነገሯት፤ ጋርላንድ ባፌት።

«መረብ በሚጣልበት ቦታ ምክንያት ተጣልተው ነበር፤» አለች ባለሱቋ ሜሊና። «ኬልቪን ጀልባው ውሃ ሞልቶበት ሲጣራ፣ ይኼ ጉድ የሬዲዮውን የመናገሪያ ቁልፍ ተጭኖ ቻናሉን ዘጋበት። መንደሩ ሁሉ የሰማው ትንፋሽ ብቻ ነው። እፍ... እፍ... እያለ ሲስቅብን!»

የኬልቪንን ጥሪ የሰማው ሩቅ ባሕር ላይ ያልፍ የነበረ አንድ የጭነት መርከብ ብቻ ነው። እሱም ቢዞር አልደረሰለትም።

ቨርና ጋርላንድን በሩን ቆልፎ ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ አገኘችው። የመንደሩ ጎረምሶች ጀልባው ላይ ቤንዚን አርከፍክፈው ክብሪት መጫር ነበር የቀራቸው።

«ትንፋሹን ሰምተሃል?» አለችው።

«ሰምቻለሁ እንጂ! ‹ማነህ አንተ፣ ቁልፉን ልቀቅ!› እያልኩ ስጮህ ነበር። ማን ይስማኝ? አሁንስ ማን ያምነኛል?»

ከዚያ ወደ ሟቹ አባት ሄደች። በዚያ አገር ሽማግሌ ሁሉ አጎት ነው፤ ቨርናም አጎቴ አምብሮዝ እያለች ነው ያደገችው። ጎረቤት ያመጣላቸው የጨው ዓሣ ሳይነካ ደርቋል።

«እርስዎስ ያን ዕለት ምን ሰሙ፣ አጎቴ?»

«ምንም። ልጄ ሲጠራኝ ቶሎ እንድመልስለት፣ መናገሪያውን እንዲህ ጨብጬ ደረቴ ላይ ይዤ ዋልኩ። ሬዲዮው ጭጭ አለ። ጭጭ ካለ ከነፋሱ ተጠልሏል ብዬ...» በትራቸውን ወደ በሩ ቀሰሩ። «ጋርላንድን እሰሪልኝ፣ ልጄ። ሌላ አልጠይቅሽም።»

ቨርና ወጥታ ለመርከቡ ካፒቴን ደወለች፤ የኬልቪንን የመጨረሻ ቃል ጠየቀችው። ከሰማች በኋላ ወደዚህ መንደር ባልመጣሁ ብላ ተመኘች። ዝም እንዳትል የሰው ጀልባ ሊቃጠል ነው፣ ምናልባትም ሰውዬው። እንዳትናገር ደግሞ...

ሁሉንም ሜሊና ሱቅ ሰበሰበቻቸው።

«በአንድ ቻናል የምንነጋገር ሁሉ የምንጋራው አንድ ሞገድ ነው፤» ብላ ጀመረች። «ሁለት ሰው እኩል ከተናገረ፣ ቅርቡና ብርቱው ሩቁንና ደካማውን ይውጠዋል። ኬልቪን ሩቅ ነበር፤ ትንፋሹ ግን ከዚሁ ከመንደሩ ነው። መርከቡ ለኬልቪን ስለሚቀርብ ሰማው።»

«ይኼንማ እናውቃለን!» አለች ሜሊና። «ማን እንደሆነ ንገሪና!»

«እነዚህ ሬዲዮዎች ቁልፋቸው ሲጫን ይናገራሉ እንጂ አይሰሙም። አፍ ሲከፈት ጆሮ ይዘጋል። ስለዚህ ትንፋሹን የሰማ ሁሉ ንጹሕ ነው። ጋርላንድ ሰምቷል፤ ‹ልቀቅ› እያለ መጮሁን ጎረቤቱም መስክሮለታል። የተነፈሰው ያን ሰዓት ሬዲዮው ጭጭ ያለበት ሰው ነው። ደግሞም ክፋት አልነበረበትም። ሳያውቅ ነው።»

«ስሙን ጥሪ!» አሉ አምብሮዝ በትራቸውን ወለሉ ላይ እየመቱ። «ስሙን!»

ቨርና የሽማግሌውን እጅ አየት አድርጋ መሬት መሬት አየች። ነገሩ ቀድሞ የገባው ለጋርላንድ ነው፤ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ተዪው በቃ፤» አላት። «እኔ ነኝ ብለሽ ጻፊ።»

ይህን ሲል ወደ ማን እያየ እንደነበር ሁሉም አዩ። አምብሮዝም አዩ። ቀስ ብለው ቀኝ እጃቸውን ከፈቱ፤ አውራ ጣታቸውን እንደ ባዕድ ነገር ተመለከቱት።

«ጭጭ ብሎ ነበር...» አሉ። «እኔ እኮ እየጠበቅሁት ነበር።»

 ጋርላንድ ሄዶ አጠገባቸው ተቀመጠ።

«ልጄ መጨረሻ ላይ ምን አለ?» አሉ አምብሮዝ።

‹አባዬ፣ ጣትህን ልቀቅ፤ እባክህ ልቀቅ› እንዳለ ነበር ካፒቴኑ የነገራት።

«‹አባዬ› ብሎ ጠራዎት፤» አለች ቨርና። የቀረውን ዋጠችው።

«ትንፋሼንስ... ሰምቷል?»

«ሰምቷል፣ አጎቴ። እስከ መጨረሻው።»

ይህኛው እንኳ ሙሉ እውነት ነበር።