ሲስተር አገርነሽ ከሥራ የቀረችበት ቅዳሜ

«ዘይነትን ጉንፋን ይዟታል በያት። ኃይለኛ ጉንፋን» አለች አገርነሽ ልጇን። የግራ እጇን አንጓ በጥርሷ እየታገዘች በፋሻ ትጠቀልል ነበር። ዜማ «ላግዝሽ» ልትል ፈልጋ ተወችው። እናቷ ነርስ ናት፤ ፋሻ ማሰር ማንም አያስተምራትም።

ትናንት ምሽት የዜማ አባት ዳኘው አገርነሽን «ማን ነው የሸኘሽ?» ብሎ ነበር የጀመረው። ተረኛዋ ስለዘገየች ቆየሁ ብትለው አላመናትም። ስልኳን ከግድግዳ ጋር አላተመው፤ ቀጥሎ እጇን ጠመዘዘው። ጠዋት ምንም እንዳልተፈጠረ ቁርሱን በልቶ ለሥራ ወደ አንበሳሜ ከተማ ሄደ።

ዜማ ከዓባይ ማዶ በባጃጅ ድልድዩን ተሻግራ ጤና ጣቢያው ደረሰች። ከትምህርት መልስ እናቷን የምትጠብቅበት አግዳሚ ባዶ ነበር። አንድ ቀን እዚያ ተቀምጣ ሳለ፣ ዓይኗ ያበጠ ሴት «ወድቄ ነው» ስትል ሰምታለች። እናቷ ሴትዮዋን አላጣደፈቻትም። «እህቴ፣ የመታሽ ሰው ካለ ጥፋቱ ያንች አይደለም» ነበር ያለቻት።

«ዜሚ! እናትሽስ?» አለች የእናቷ ባልደረባ ሲስተር ዘይነት።

«አሟታል። ጉንፋን ነው።»

ዘይነት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ባለፈው ወር ደግሞ ከደረጃ ወደቀች ብለሽኝ ነበር።»

«አዎ።»

«እናንተ ቤት ደረጃ አለ እንዴ?»

ዜማ ጆሮዋ ድረስ ጋለች። ደረጃ የላቸውም። ዘይነት ደግሞ ቤታቸውን እንደ ቤቷ ታውቀዋለች። ጉንፋን የሚለውን ቃል እንደገና ሞከረችው፤ አልወጣ አላት። ብትናገር እናቷ ትቀየማታለች፤ አባቷማ… እሱን አስባ አልጨረሰችም።

«እጇን ነው» አለች። «አባዬ ነው።»

ዘይነት አልደነገጠችም። «አሁን ቤት ነው?»

«የለም። እስከ ማታ አይመለስም።»

ዘይነት ነጩን ጋውኗን አወለቀች። ለተረኛዋ አንድ ሁለት ቃል ተናግራ ቦርሳዋን አነሳች።

አገርነሽ በሩን ስትከፍት መጀመሪያ ያየችው ልጇን ነው። «ምን አልሻት?»

«የሆነውን ነገርኋት።»

አገርነሽ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «በየቀኑ ሴቶችን የምመክረው እኔ ነኝ እኮ፣ ዘይኑ። ሰው ምን ይለኛል?»

«አንች ለእነሱ የምትያቸውን ነው እኔም የምልሽ።» ዘይነት ፋሻውን ፈትታ ያበጠውን አንጓ ቀስ ብላ ዳሰሰችው። «ራጅ ያስፈልገዋል።»

«ምን ሆነሽ ነው ይሉኛል።»

«ይሉሻል። አብሬሽ እገባለሁ። ከዚያ እኔ ቤት ትሆናላችሁ፤ ሰፊ ነው።»

አገርነሽ የተፈታውን ፋሻ በደህና እጇ ጠቀለለችው። ዜማ ይቅርታ ልትጠይቅ አልፈለገችም።

«ዜማ» አለች እናቷ በመጨረሻ፣ «መታወቂያዬን ከመሳቢያው አውጭልኝ። ልብስሽንም ያዥ፤ የሰኞውን ጭምር።»

ዜማ ለስንት ቀን እንደሆነ አልጠየቀችም። ዩኒፎርሟን አጥፋ ከተተች፤ ደብተሮቿንም አንድ ሳታስቀር ከላይ ደረደረች።