ሃያ ስምንት ሩብ ዙር

ማመን የማትፈልጉ ከዚህ በላይ አታንብቡ። ልለምናችሁ አልመጣሁም። ሆነ ያልኩት ሆኗል...

ባለፈው መጋቢት ነው። እሁድ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት።

ጨለማ አልነበረም። መብራት አልጠፋም። ሴቻ ሰፈር ላይ ፀሐይዋ አናት ትበሳ ነበር።

እንድሪያስ እባላለሁ። ሲቀላ ሰፈር፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ የብረት ሥራ ቤት አለኝ። የሱቅ በር፣ የግቢ በር፣ የጋራዥ በር... አሥራ ሁለት ዓመት ስገጥምና ስጠግን ኖሬያለሁ።

በዚህ ሁሉ ዓመት እንደ ጋሽ ሰይፈሥላሴ የናቅሁት ደንበኛ የለም።

ፊት ለፊት «እርስዎ» እለው ነበር። እዚህ ግን አልልም።

ጡረታ የወጣ ኃላፊ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲፈርም ኖረ፤ ጡረታ በወጣ ማግስት መሐንዲስ ሆነ። ስልኩ ላይ የአሥር ደቂቃ ቪዲዮ ያያል፣ ከዚያ ካቻቪቴ ያነሳል። አያያዙ እንደ ማንኪያ ነው።

ልጁ ከውጭ የላከችለትን፣ ወደ ላይ የሚነሳ የጋራዥ በር የገጠምኩለት እኔ ነኝ። በሩ ከመቶ ኪሎ በላይ ይመዝናል። በአንድ እጅ የሚነሳው ከላይ ያለው ሞላ ተጠምዝዞ ክብደቱን ስለሚሸከምለት ነው። ያ ሞላ በሥራ ላይ እያለ ካመለጠ አጥንት ይሰብራል።

«ቡሎኖቹን ያጥብቁ፣ ኩሽኔታዎቹን ዘይት ያስነኩ፣ ገመዱን ይመልከቱ» አልኩት። «ሞላውን ግን እንዳይነኩ።»

«አንተ በያጅ፣ እኔን ልታስተምር?» አለኝ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ስሜን አልጠየቀኝም። በያጅ ነኝ። አንተ በያጅ።

ሀዲዱን ቅባ ኑግ ቀባው። ጉንዳን ሰፈረበት። ገመዱ ሲላላ በልብስ ማስጫ ሲባጎ አሰረው። አንድ ቀን ደግሞ የተጠመዘዘውን ሞላ በካቻቪቴ ሊፈታ ሞከረ... ካቻቪቴው ተወርውሮ የገዛ መኪናውን የኋላ መስታወት አደቀቀ። የተሰደብኩት እኔ ነኝ። «የገጠምከው አንተ አይደለህ?» ብሎ።

በየጠላ ቤቱ ሳወራው ሰው በሳቅ ይፈርስ ነበር።

ያን እሁድ ስልኬ ጮኸ። እሱ ነው።

«እንድሪያስ... የጋራዡ ሞላ ተሰብሯል። እባክህ፣ ከቻልክ ና።»

ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ ቁጥሩን አየሁት። የእሱው ነው።

እንድሪያስ? እባክህ?

ታሞ መሆን አለበት ብዬ ባጃጅ ይዤ ወጣሁ።

የግቢውን በር የከፈተችልኝ ሚስቱ እትዬ ሉሊት ናት። አስገባችኝና መልሳ ቆለፈችው። ዓይኗ ቀልቷል። እጄን ያዘችኝ።

«ልጄ... ቀስ ብለህ ተናገር» አለችኝ በሹክሹክታ። «ከማክሰኞ ጀምሮ አልተሳደበም።»

«ምን?»

«አንድም ቀን። ሠራተኛዋን አመሰገናት። የኩሽናውን ቧንቧ ሠራው... ተሠራ። አይፈስም።»

ሳቄ መጣ። ሴትዮዋ ባሏ ሰው ቢሆን ታለቅሳለች!

«ጸሎት ሰምሮልዎት ነዋ፣ እትዬ።»

አልሳቀችም። «አንተ ታውቀዋለህ» አለች። «ገብተህ እየው። ከዚያ ንገረኝ።»

ከሳሎን በጠባብ በር አድርጌ ጋራዡ ውስጥ ገባሁ። ትልቁ የብረት በር ተዘግቷል። መኪናው የለም፤ ባዶ ነው። መሰላል ላይ ቆሞ ጀርባውን ሰጥቶኛል። ያው ሰፊ ጀርባ፣ ያው ግራጫ ሹራብ።

«ደህና ዋልክ፣ እንድሪያስ» አለኝ። አልዞረም።

የተሰበረውን ሞላ አውርዶ ከበሩ ጋር የመጣውን ትርፍ ሞላ ሰቅሎታል። አሁን እየጠመዘዘው ነው።

ልጮኽበት አፌን ከፈትኩ... ዘጋሁት።

በካቻቪቴ አልነበረም የሚጠመዝዘው። በልኩ የተቆረጡ ሁለት ወፍራም ፌሮዎች ይዟል። አንዱን ይሰካል፣ ሩብ ዙር ይስባል። ሁለተኛውን ይሰካል። ከዚያ ብቻ የመጀመሪያውን ይነቅላል። ፊቱን ከሞላው ፊት አርቆ፣ ወደ ጎን ቆሟል። በሩ ሳይታሰብ እንዳይነሳ ሀዲዱ ላይ ነክሶ የሚይዝ ፒንሳ አስሯል።

እኔ የምሠራው እንደዚያ ነው። በትክክል እንደዚያ።

«አሥራ አንድ» አለ። ሳበ። «አሥራ ሁለት።»

«ስንት ነው የሚያደርሱት?» አልኩት። ልፈትነው ነው። ያ ደደብ እንደማያውቅ አውቃለሁ።

«ለዚህ በር ሃያ ስምንት ሩብ ዙር።»

ትክክል ነው።

ጀርባዬን ላብ አጠመቀው። በሙቀቱ አይደለም...

ሀዲዱን አየሁ። ቅባ ኑጉ ተጠርጓል። ኩሽኔታዎቹ ላይ ቀጭን ዘይት፣ በልኩ። የቡሎኖቹ ራስ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ተስተካክሎ ጠብቋል። የልብስ ማስጫው ሲባጎ የለም፤ አዲስ የሽቦ ገመድ ነው።

ይህን የሠራው ባለሙያ ነው። ይህን የሠራው ጋሽ ሰይፈሥላሴ አይደለም።

«አሥራ ስድስት።»

በዚህ ጊዜ ትልቁ በር ከውጭ በቡጢ ተመታ።

«አንተ! ማን ነው በሬን የሚነካው?»

ደነገጥኩ። ያ ድምፅ... ያ የተነፋ፣ የቢሮ ድምፅ።

የጋሽ ሰይፈሥላሴ ድምፅ ነው።

ቀና ብዬ መሰላሉን አየሁ። ሰውየው ቆሟል። «አሥራ ሰባት» አለ።

«አንተ በያጅ! አንተ ነህ አይደል? አልኩ እኮ! ይሄ ሌባ!»

ከበሩ ሥር ያለው ላስቲክ ተበልቶ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ። ብርሃኑ ላይ የሁለት እግር ጥላ ቆሟል። ጥላው ተንበረከከ። ከዚያ ጉንጭ ሲሚንቶው ላይ ተለጠፈ። መነጽር። አንድ ዓይን።

ዓይኑ እኔን አየ። ከዚያ ወደ ላይ... ወደ መሰላሉ ዞረ።

ስድቡ ቆመ።

«ማን ነው?» አለ በሹክሹክታ። «ከአንተ ጋር ያለው... ማን ነው?»

«ሃያ አንድ» አለ ከላይ ያለው።

«ክፈትልኝ።»

አልተነቃነቅሁም።

«ክፈትልኝ! ፀሐዩ... እዚህም ሌላ አለ... አንተ... አንተ ልጅ...» ድምፁ ተሰበረ። «ስምህ ማን ነበር?»

እውነቱን ልንገራችሁ። በዚያች ሰዓት እንኳ ናቅሁት። ሞት አፋፍ ላይ ቆሞ ስሜን አያውቀውም!

ግን ሰው ነው። ወደ ሀዲዱ ሄድኩ። የታሰረውን ፒንሳ ያዝኩ። እሱን ካላላሁት በሩ አይነሳም።

«እንድሪያስ።»

ድምፁ ረጋ ያለ ነው።

«አሁን አትፍታው። አራት ሩብ ይቀራል። ጥምዘዛው ሳያልቅ በሩን ብታነሳው አምልጦ እጅህ ላይ ይወድቃል። ታውቀዋለህ።»

አውቀዋለሁ። ለሠራተኞቼ ሁሉ የምለው ይህንኑ ነው።

ከውጭ ጥፍር ብረቱን ይቧጥጣል። «እባክህ» ይላል። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ። «እባክህ... እባክህ...»

እጄ ፒንሳው ላይ ነው። አንዱ ሥራ አያውቅም። ሌላው ያውቃል።

እጄን አነሳሁ።

«ሃያ አምስት» አለ። «ሃያ ስድስት... ሃያ ሰባት...»

መቧጠጡ ቀነሰ።

«ሃያ ስምንት።»

መቧጠጡም ቆመ።

የሞላውን ቡሎን በቺያቬ አጠበቀ። ፌሮዎቹን ነቀለ። ከመሰላሉ ወረደ። ያው ፊት ነው። ያው መነጽር። ፈገግ አለልኝ።

«አሁን ፍታው» አለኝ።

ፈታሁት። በሩን በሁለት ጣት አነሳሁት። እንደ ወረቀት ቀለለ። ግማሽ ላይ ለቀቅሁት፤ ቀጥ ብሎ ቆመ። አልወረደም፣ አልወጣም። ከዚያ የተሻለ ሚዛን በዕድሜዬ አልሠራሁም።

ከውጭ ማንም የለም።

የጋለ ሲሚንቶ ብቻ። የግቢው በር ከነቁልፉ ተዘግቷል። አጥሩ ሦስት ሜትር ነው።

«አመሰግናለሁ፣ ወንድሜ» አለኝ ትከሻዬን ነክቶ። እጁ በዚያ ሙቀት ቀዝቃዛ ነበር።

ስወጣ እትዬ ሉሊት ሳሎን ውስጥ ቆማለች።

«ሰማህ?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ሲጠራህ።»

«አልሰማሁም፣ እትዬ» አልኳት። ዓይኗን አላየሁም።

በማግስቱ አንድ ሻንጣ ይዛ ምዕራብ ዓባያ እህቷ ጋ ሄደች። ሰፈሩ ሁሉ እሷን ወቀሰ። እንዲህ ያለ ጨዋ ባል ጥላ! አዎ፣ አሁን ሴቻ ውስጥ እንደ ጋሽ ሰይፈሥላሴ የሚወደድ ሰው የለም። የጎረቤቱን በር ይጠግናል። የሰውን ስም ሁሉ ያውቃል። ሰዎች «ተለወጠ» ይላሉ። እኔም ዝም እላለሁ። ያን ቀን በሩን ያልከፈትኩት ስለፈራሁ ነው ብል ይቀለኝ ነበር። ፍርሃት ብቻ አልነበረም። አንዱን ስለናቅሁት ነው።

ከሁለት ወር በኋላ፣ ግንቦት ላይ፣ ለሌላ ደንበኛ ልክ ልወስድ በዚያ መንገድ አለፍኩ። ጠዋት አራት ሰዓት ነው። የግቢው በር ክፍት ነበር።

እትዬ ሉሊት ተመልሳለች። የበሩን ማጠፊያዎች በጨርቅ ጠርጋ ዘይት ታስነካለች። አንድ ጠብታ እዚህ። አንድ ጠብታ እዚያ። በሩን ወዝወዝ ታደርገዋለች፤ ድምፅ የለውም።

«እንድሪያስ! እንደምን አደርክ?» አለችኝ። ፊቷ ያበራል። ጠግባ የተኛች ትመስላለች።

ደስ አለኝ። እግዚአብሔርን! ታረቁ፣ አልቋል፣ ተረሳ ብዬ ደስ አለኝ...

ኪሴ ውስጥ ስልኬ ጮኸ።

«ሄሎ?»

«ልጄ፣ ሉሊት ነኝ።» ድምፁ ደክሟል፤ ከጀርባው የሕፃን ለቅሶ ይሰማል። «ምዕራብ ዓባያ ነኝ፣ እህቴ ቤት። ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አጣሁ። እባክህ፣ በዚያ በኩል ካለፍክ... ያ ሰውዬ እንዴት እንደሆነ እይልኝ።»

ስልኩን ከጆሮዬ ሳላነሳ ቀና አልኩ።

ፊት ለፊቴ ያለችው ጨርቁን አጥፋ በሩ ላይ አንጠለጠለች። ስልኬን አየች። ፈገግታዋ አልጠፋም።

«ስጠኝ» አለችኝ በቀስታ። «እኔ ላናግራት።»

እጇን ዘረጋች።